የጋሊሊዮ ጋሊሌይ ሕይወትና የታገደው መጽሐፉ

በአንድ ጫፉ ግድግዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ሌላው ጫፉ ያለ ድጋፍ የተዘረጋ አግዳሚ ምን ያህል ክብደት ሲጫንበት እንደሚሰበር በስሌት ለማሳየት የሞከረው የመጀመሪያው ኅትመት የወጣው በ1638 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሌይደን ከተማ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ግን ሆላንድን ረግጦ አያውቅም። በዚያን ጊዜ በፍሎረንስ አቅራቢያ፣ በአርቼትሪ በሚገኘው ቤቱ፣ በቁም እስር ላይ የነበረ፣ የሰባ አራት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ የዓይኑ ብርሃን የጠፋ ሽማግሌ ነበር። ቀድሞ የጻፋቸው መጻሕፍት ዳግመኛ እንዳይታተሙ፣ ከእንግዲህም የሚጽፈው እንዳይታተም ታግዶ ነበር። ይህ ሰው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ወደ ተረትነት ተጠግቷል፤ በአንድ ወገን ዕውቀት፣ በሌላው ወገን ድንቁርና ተሰልፈው ይታያሉ። የዘመኑ ሰነዶች የሚያስረዱት ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበና ለባለሙያም ይበልጥ የሚያሳስብ ነገር ነው። ጋሊሊዮ የተፈረደበት ሐሳብ እርሱ ከመወለዱ በፊት ታትሞ፣ ለሰባ ዓመታት ያህል በሊቃውንት እጅ ሲገላበጥ የኖረ ሐሳብ ነበር። የመጽሐፉ ቃል እንዳለ ሳለ የአንባቢው ዓለም ስለ ተለወጠ ብቻ አደገኛ ሆነ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም እንዲሁ ዓለሙ ስለ ተለወጠ አደገኛነቱ ቀረ።

ጋሊሊዮ የተወለደው በየካቲት ወር 1564 ዓ.ም. በፒዛ ከተማ ነው። አባቱ ቪንቼንዞ ክራር መሰል መሣሪያ የሚጫወት ሙዚቀኛ ሲሆን፣ የድምፅን ስምምነት ከጥንት መጻሕፍት ብቻ መማር አይበቃም በማለት ጅማት እየወጠረ፣ ክብደት እያንጠለጠለ የሚመረምር ሰው ነበር። ልጁ ይህን ጠባይ መውረሱ አያጠራጥርም። በ1581 ዓ.ም. ሕክምና እንዲማር ወደ ፒዛ ዩኒቨርሲቲ ተላከ፤ ልቡ ግን ወደ ኢዩክሊድና ወደ አርኪሜዲስ ስላዘነበለ በ1585 ዓ.ም. ያለ ዲግሪ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ሆኖ ሲቀጠር ደመወዙ በዓመት ስድሳ ስኩዲ ብቻ ነበር።

በ1592 ዓ.ም. የቬኒስ ሪፑብሊክ ግዛት ወደ ነበረችው ወደ ፓዶቫ ተዛወረ፤ በዚያም ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖረ። ሕይወቱ የዘመናችንን መሐንዲስ ሕይወት በብዙ የሚመስለው በዚህ ዘመን ነው። ለሁለት እኅቶቹ ጥሎሽ የመክፈል ዕዳ ነበረበት፤ ከማሪና ጋምባ የወለዳቸው ሦስት ልጆችም ነበሩት። ስለዚህ ከማስተማሩ ጎን ተማሪዎችን በቤቱ እያሳደረ ያስጠና ነበር። በፈረስ ጉልበት ውኃ ለሚስብ መሣሪያ በ1594 ዓ.ም. ከቬኒስ መንግሥት የፈጠራ መብት ተሰጠው። የመድፍ አነጣጠርንና ልዩ ልዩ ስሌቶችን የሚያቀልል ኮምፓስ ሠርቶ፣ በቤቱ የእጅ ባለሙያ ቀጥሮ እያመረተ ይሸጥ ነበር። በቬኒስ ትልቅ የመርከብ መሥሪያ የመቅዘፊያ አቀማመጥ ጥያቄ በተነሣ ጊዜም ሐሳቡን እንዲሰጥ ተጠይቋል። ከዚያ የመርከብ መሥሪያ አናጢዎችና አንጥረኞች የሰማውንና ያየውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልረሳውም።

በ1609 ዓ.ም. በሆላንድ ሩቁን ነገር የሚያቀርብ መሣሪያ መሠራቱን ሰምቶ ራሱ ሌንሶችን እየሞረደ የተሻለ ሠራ፤ በነሐሴ ወርም ለቬኒስ ሹማምንት አሳየ። የጠላት መርከብ ወደብ ከመድረሱ ከሰዓታት በፊት ሊታይ መቻሉ ለነጋዴዋ ሪፑብሊክ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ደመወዙ በዓመት አንድ ሺህ ፍሎሪን እንዲሆን ተወሰነለት። እርሱ ግን በዚያው ክረምት ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ መለሰው። በጨረቃ ላይ ተራራ፣ በጁፒተር ዙሪያ አራት ጨረቃዎችን አየ፤ ያየውንም በመጋቢት 1610 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚሁ ዓመት የቬነስ ኮከብ ገጽታ እንደ ጨረቃ እንደሚለዋወጥ ተመለከተ፤ ይህም ቬነስ በፀሐይ ዙሪያ እንደምትሽከረከር የሚያረጋግጥ ነበር።

በዚሁ በ1610 ዓ.ም. ለቀሪው ሕይወቱ ዕጣ የሆነ ውሳኔ ወሰነ። ከማስተማር ሸክም ነጻ ለመሆንና የልዑል ባለሟል ለመባል ፈልጎ ፓዶቫን ለቆ፣ የቶስካና ታላቅ መስፍን የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ በመሆን ወደ ፍሎረንስ ገባ። ቬኒስ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሮም ጋር በሥልጣን ጉዳይ ተጣልታ፣ የኢየሱሳውያንን ማኅበር ከግዛቷ ያስወጣች ሪፑብሊክ ነበረች፤ የሮም ፓፓ ትእዛዝ በዚያ እንዳሻው አይፈጸምም። የቶስካና መሳፍንት ግን ሮምን እንቢ ለማለት አቅሙም ፍላጎቱም አልነበራቸውም። የቬኒስ ወዳጆቹ ይህን ነግረውታል፤ አልሰማቸውም። ክብርን ይወድ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት አይሆንም።

ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ የታተመው በ1543 ዓ.ም. ሲሆን፣ ደራሲው ካህን ባይሆንም የካቴድራል አገልጋይ፣ መጽሐፉም ለፓፓ ጳውሎስ 3ኛ የተበረከተ ነበር። ለሰባ ሦስት ዓመታት ማንም አላገደውም። ታዲያ በ1616 ዓ.ም. ምን አዲስ ነገር መጣ? በመካከሉ ምዕራባዊቷ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፍላለች። ፕሮቴስታንቶች እያንዳንዱ ምእመን መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ አንብቦ ሊረዳ ይችላል ሲሉ፣ የትሬንት ጉባኤ ደግሞ የመተርጎም ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን ብቻ መሆኑን በ1546 ዓ.ም. ደንግጓል። ጋሊሊዮ ካህን ሳይሆን፣ ፀሐይን ቁሚ ስላላት ስለ ኢያሱ የተጻፈው ቃል እንዴት ሊተረጎም እንደሚገባ በደብዳቤ ማስረዳት ሲጀምር የገባው ወደ ሥነ ፈለክ ክርክር ብቻ አልነበረም። ዘመኑ እጅግ ወደ ሚፈራው ጥያቄ፣ ማን ይተርጉም ወደሚለው ጥያቄ ገባ። በዚያ ላይ ከ1610 ዓ.ም. በኋላ አብዛኛውን የሚጽፈው በላቲን ሳይሆን የገበያ ሰው በሚረዳው በጣልያንኛ ነበር።

በመጋቢት 1616 ዓ.ም. የተከለከሉ መጻሕፍትን የሚቆጣጠረው ጉባኤ የኮፐርኒከስን መጽሐፍ እስኪታረም ድረስ አገደ፤ ሐሳቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ለማስማማት የጣረውን የካህኑን የፎስካሪኒን መጽሐፍ ግን ፈጽሞ ከለከለ። የክልከላው ልዩነት ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ ቀመሩ ሊታረም ይችላል፣ ትርጓሜው ግን አይነካም። የጋሊሊዮ ስም በዐዋጁ ውስጥ አልተጠቀሰም። ካርዲናል ቤላርሚኖ ለብቻው አስጠርተው፣ ሐሳቡን እውነት ነው ብሎ እንዳይዝና እንዳይሟገትለት ነገሩት፤ ይህንንም የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሰጡት። ቤላርሚኖ የምድር መዞር በእርግጠኛ ማስረጃ ከተረጋገጠ የመጻሕፍቱን አተረጓጎም በጥንቃቄ ማጤን እንደሚያስፈልግ፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ እስካሁን እንዳልታያቸው በጽሑፍ የገለጡ ሰው ነበሩ። በእውነትም ጋሊሊዮ የመጨረሻ ማስረጃ አልነበረውም።

በ1623 ዓ.ም. የጋሊሊዮ አድናቂ የነበሩት ካርዲናል ማፌዮ ባርቤሪኒ፣ ኡርባኖ 8ኛ ተብለው ፓፓ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ጊዜ ተቀብለው አነጋገሩት። ሁለቱንም ሐሳቦች፣ አንደኛውን ሳያጸድቅ፣ እያነጻጸረ ቢጽፍ የሚቃወሙ አለመሆናቸውን ተረዳና ወደ ሥራ ገባ። መጽሐፉን ስለ ባሕር ሙላትና ጉድለት የሚል ርእስ ሊሰጠው አስቦ ነበር፤ የባሕሩ መናወጥ የምድርን መዞር ያረጋግጣል ብሎ ያምን ነበርና። ፓፓው ይህን ርእስ አልወደዱትም። ይህ የሳንሱር ጣልቃ ገብነት ለጋሊሊዮ ሳይታሰብ ውለታ የዋለ ይመስላል፤ የባሕር ሙላት ማስረጃው ስሕተት ነበርና። በእርሱ ስሌት ሙላቱ በቀን አንድ ጊዜ መሆን ሲገባው፣ በቬኒስ ወደብ ግን ማንም ዓሣ አጥማጅ እንደሚያውቀው በቀን ሁለት ጊዜ ነበር።

መጽሐፉ በሁለቱ ዐበይት የዓለም ሥርዓቶች ላይ የተደረገ ውይይት በሚል ርእስ፣ የማሳተሚያ ፈቃድ አግኝቶ፣ በየካቲት 1632 ዓ.ም. በፍሎረንስ ታተመ። ሦስት ሰዎች ለአራት ቀናት ይወያያሉ። የጥንቱን ሐሳብ የሚከላከለው ሲምፕሊቺዮ ይባላል፤ ስሙ የአንድ ጥንታዊ ፈላስፋ ስም ቢሆንም ለጣልያን ጆሮ ቂል የሚል ትርጉም ያሰማል። ፓፓው እንዲገባ የፈለጉት የራሳቸው ክርክር፣ ማለትም እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ስለሆነ ሰው የፍጥረትን ምክንያት በእርግጠኛነት አውቄአለሁ ሊል አይችልም የሚለው፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ በዚሁ በሲምፕሊቺዮ አፍ ገባ። ይህን ሆን ብሎ ለማላገጥ አድርጎታል ማለት ያስቸግራል፤ ብልህነት የጎደለው መሆኑን ግን የሚክድ የለም።

ወቅቱም እጅግ ክፉ ነበር። የሠላሳው ዓመት ጦርነት አውሮፓን ያነድድ ነበር፤ የስዊድን ፕሮቴስታንቶች በጀርመን ድል በድል ሲሆኑ፣ የስፔይን መንግሥት ፓፓውን ለሃይማኖታቸው ቸልተኛ ናቸው እያለ ይከስሳቸው ነበር። በመጋቢት 1632 ዓ.ም. ካርዲናል ቦርጃ ይህንኑ በካርዲናሎች ጉባኤ ፊት ለፊት አሰሙ። በአገራችንም አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ ሃይማኖትን ትተው ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ያወጁት በዚሁ በ1632 ዓ.ም. መሆኑን ማስታወስ የዘመኑን መንፈስ ለመረዳት ይጠቅማል። እንዲህ በተጠረጠሩበት ሰዓት የወዳጃቸው መጽሐፍ ሲቀርብላቸው፣ ፓፓው መታገስ የሚችሉበት ቦታ ላይ አልነበሩም። በበጋው ሽያጩ ቆመ፤ ጋሊሊዮም ወደ ሮም ተጠራ። ሐኪሞች መታመሙን ቢመሰክሩም ከነሕመሙ እንዲመጣ ታዘዘ፤ በየካቲት 1633 ዓ.ም. ደረሰ።

በሃይማኖት መርማሪው ችሎት የቀረበው ዋና ሰነድ በ1616 ዓ.ም. ጋሊሊዮ ስለዚህ ሐሳብ በምንም መንገድ እንዳያስተምር ታዝዟል የሚል ነበር። ሰነዱ የጋሊሊዮም ሆነ የቤላርሚኖ ፊርማ የለበትም። ጋሊሊዮ በበኩሉ ያቀረበው በቤላርሚኖ የተፈረመው ወረቀት እንዲህ ያለ ጥብቅ ትእዛዝ አይጠቅስም። ካርዲናሉ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ስለሞቱ የሚመሰክር ሰው አልተገኘም። በውል ሰነድ ላይ ሲከራከር የኖረ መሐንዲስ ያልተፈረመ ቃለ ጉባኤ ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ያውቃል፤ ችሎቱ ግን በእርሱ ላይ ተመርኩዞ ፈረደ። በሰኔ 22 ቀን 1633 ዓ.ም. ጋሊሊዮ በስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ በሮም በሚኔርቫ ገዳም ተንበርክኮ፣ ምድር ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ በመሐላ ክዶ ፈረመ። ከዐሥሩ ዳኞች ካርዲናሎች ፍርዱን የፈረሙት ሰባቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ካልፈረሙት አንዱ የፓፓው የወንድም ልጅ ነበሩ።

ሲነሣ ስለ ምድር መዞር በለሆሳስ አጉረመረመ የሚባለው ወግ በዘመኑ ሰነድ ውስጥ የለም፤ በኅትመት የታየው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሰዎች ይህን ወግ የወደዱት ፊርማውን ስለሚያቀልላቸው ይመስላል። ፊርማው ግን አለ። የሠላሳ ዓመት ምርመራው የነገረውን ሐሰት ነው ብሎ ፈርሟል፤ አማራጩም ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ጆርዳኖ ብሩኖ በ1600 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ በእሳት ተቃጥሏልና። ሙቀት ባለበት ቤት ተቀምጦ በእርሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው።

ፍርዱ በየአገሩ ለሒሳብና ለፍልስፍና መምህራን እንዲነበብ ታዘዘ፤ በፍሎረንስም ወዳጆቹ ተሰብስበው እንዲሰሙ ተደረገ። ሆላንድ የነበረው ዴካርት ወሬውን ሲሰማ ሊያሳትመው የተዘጋጀውን ስለ ዓለም የሚተርክ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት አስቀረ። የእገዳ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፤ የተያዘው መጽሐፍ ይቈጠራል፣ ሳይጻፍ የቀረውን ግን ማንም አይቈጥረውም። የውይይቱ መጽሐፍ ራሱ በስውር በውድ ዋጋ ይሸጥ ጀመር፤ በ1635 ዓ.ም. ወደ ላቲን ተተርጉሞ በስትራስቡርግ ስለታተመ፣ ጣልያንኛ የማያውቀው የአውሮፓ ሊቅ ሁሉ አገኘው።

እስራቱ በቤቱ እንዲሆን ተለውጦለት ወደ አርቼትሪ የተመለሰው በ1633 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ሰባቱን የንስሐ መዝሙራት እንዲደግም ታዝዞ ነበር፤ በአቅራቢያው ገዳም መነኵሲት የነበረችው ትልቋ ልጁ ማሪያ ቼሌስቴ ይህን ግዴታ በእርሱ ፈንታ ወሰደች። በሚያዝያ 1634 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ሞተች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምንም ሊሠራ አልቻለም።

ሥራ ሲጀምር ግን ስለ ሰማይ አልጻፈም። በፓዶቫ ሳለ ወደ መረመራቸው ነገሮች፣ ወደ ቁስ ጥንካሬና ወደ እንቅስቃሴ ተመለሰ። ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች የሚለው መጽሐፍ የሚከፈተው በቬኒስ የመርከብ መሥሪያ ነው፤ ሦስቱ የቀድሞዎቹ ተወያዮች ትልቅ መርከብ ወደ ባሕር ሲወርድ በገዛ ክብደቱ እንዳይሰበር ከትንሹ የበለጠ ድጋፍ ለምን እንደሚያስፈልገው ይጠይቃሉ። መጠኑ በእጥፍ ሲያድግ ክብደቱ ስምንት እጥፍ፣ የሚሸከመው የቁርጥ ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህም የግዙፍ እንስሳ አጥንት ከትንሹ ይልቅ ያለ ልክ መወፈር አለበት። ሞዴል ሠርቶ በሞከረው ልክ ሕንፃውን ለማሳደግ ያሰበ ሁሉ ይህን ማስጠንቀቂያ ዛሬም ይፈልገዋል።

በሌላ ስፍራ ስለ አንድ ትልቅ የእብነ በረድ ዐምድ ይተርካል። ዐምዱ በሁለት ጫፎቹ በግንድ ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ መካከሉ እንዳይሰበር የሰጋ አንድ ባለሙያ ሦስተኛ ድጋፍ ከመካከሉ ጨመረለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐምዱ ልክ በአዲሱ ድጋፍ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ በአንድ ጫፍ ያለው ግንድ በስብሶ ስለሰመጠ፣ ግማሹ ዐምድ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር። የመሠረት መስመጥ ከሁለት በላይ ድጋፍ ባለው አግዳሚ ላይ ምን እንደሚያመጣ ከዚህ አጥርቶ የተናገረ ምሳሌ በዘመናዊ የማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥም ብዙ አይገኝም። ስለ አግዳሚውም፣ ጥንካሬው ከወርዱ ጋር፣ ከቁመቱም ስኩዌር ጋር እንደሚጨምር፣ በርዝመቱ ልክ እንደሚቀንስ በትክክል አሳየ። የውስጡ ውጥረት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ብሎ ስላሰበ ግን ያገኘው መጠን ዛሬ ከምናውቀው ሦስት እጥፍ ነበር፤ መታረሙም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ማንም በእሳት ሳያስፈራራ፣ ሌሎች ባለሙያዎች እየለኩ አረሙት።

የእጅ ጽሑፉ ተሰውሮ ወደ ሌይደን፣ ወደ ኤልዝቪር ማተሚያ ቤት ደረሰ። ጋሊሊዮም ሳያውቅ እንደታተመበት አድርጎ በመቅድሙ አመለከተ፤ ይህን ማን እንዳመነው አይታወቅም፣ የከሰሰው ግን አልነበረም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን በጣልያን ጉዞው ጎበኘው፤ በ1644 ዓ.ም. ከኅትመት በፊት የሚደረግ ሳንሱርን በመቃወም ለአገሩ ፓርላማ በጻፈውም ይህን ጉብኝቱን አንሥቷል። ጋሊሊዮ ግን ያን አልደረሰበትም፤ በጥር 8 ቀን 1642 ዓ.ም. ዐርፏል። በፍሎረንስ በሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን ሐውልት ሊቆምለት ቢታሰብም ኡርባኖ 8ኛ ስላልፈቀዱ በአንዲት ትንሽ ክፍል ተቀበረ። ወደ ታላቁ መቃብር የተዛወረው በ1737 ዓ.ም. ነው።

እገዳው የተነሣው በአንድ ዐዋጅ አይደለም፤ ቀስ በቀስ አረጀ። በ1744 ዓ.ም. የውይይቱ መጽሐፍ ከፍርዱና ከመሐላው ጋር ተጣምሮ በፓዶቫ እንዲታተም ተፈቀደ። በ1758 ዓ.ም. ምድር ትዞራለች የሚሉ መጻሕፍት ሁሉ ላይ የነበረው ጠቅላላ ክልከላ ከዝርዝሩ ወጣ፤ የኮፐርኒከስና የጋሊሊዮ መጻሕፍት ግን በስማቸው እንደተጻፉ ቀሩ። በ1820 ዓ.ም. የሮም የሥነ ፈለክ መምህር ጁዜፔ ሴቴሌ የምድርን መዞር እንደ እውነት የሚያስተምር መጽሐፉን ለማሳተም ሲጠይቅ የከተማይቱ የመጻሕፍት መርማሪ ከለከሉት፤ ነገሩ እስከ ፓፓ ፒዮስ 7ኛ ደርሶ ተፈቀደለት፣ በ1822 ዓ.ም.ም ፈቃዱ ለሁሉም ሆነ። በ1835 ዓ.ም. አዲሱ የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ሲወጣ የጋሊሊዮ መጽሐፍ አልነበረበትም።

በዚያን ጊዜ የሚያስፈራው ነገር ከሰማይ ወደ ምድር ወርዶ ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ጥያቄው ፀሐይ ቆመች ወይስ ዞረች መሆኑ ቀርቶ፣ ሕዝብና ንጉሥ፣ ድኻና ባለጸጋ ሆኗል። የቪክቶር ሁጎ የፓሪስ ኖትረዳም ልብ ወለድ ወደ ዝርዝሩ የገባው የጋሊሊዮ መጽሐፍ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1834 ዓ.ም. ነው፤ በአማርኛም ተተርጉሞ የሚነበበው ሌ ሚዜራብል በ1864 ዓ.ም. ተከተለው። ዝርዝሩ ራሱ ሕግነቱ የቀረው በ1966 ዓ.ም. ነው።

ካርዲናል ቤላርሚኖ አላየሁትም ያሉት ማስረጃ በሁለት ደረጃ ተገኘ። ብራድሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1728 ዓ.ም. የከዋክብት ብርሃን በምድር ጉዞ ምክንያት ዘንበል ብሎ እንደሚታይ አስረዳ። በ1838 ዓ.ም. ደግሞ፣ የጋሊሊዮ ስም ከዝርዝሩ በጠፋ በሦስተኛው ዓመት፣ ጀርመናዊው ቤሰል የምድር ቦታ በዓመቱ ውስጥ ሲቀያየር አንድ ኮከብ በጀርባው ካሉት አንጻር ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለካ። የተገኘው አንግል ከአንድ ሰከንድ አንድ ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ ነበር፤ በጋሊሊዮ ቴሌስኮፕ ፈጽሞ ሊለካ አይችልም ነበር።